በጽሑፍ ያልወጣ ሕግ፤ የፍሪትዝ ፖላርድ ሕይወት

አንድ ሰው በችሎታው የከፈተው በር ለተከታዮቹም ክፍት ሆኖ ይቆያልን? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከአሜሪካን ፉትቦል ታሪክ የአንድ ተጫዋች ሕይወት እንመልከት።

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። የአሜሪካን ፉትቦል እኛ እግር ኳስ የምንለው አይደለም። በየወገኑ 11 ሰዎች ተሰልፈው፣ እንቁላል መሰል ኳስ በእጅ ይዘው በመሮጥ ወይም በመወርወር ወደ ተቃራኒው ዳር ለመድረስ ይታገላሉ። ኳስ የያዘውን ሰው አንቆ መሬት ላይ መጣል ሳይሆን ይዞ መጣል የተፈቀደ ነው። ስለዚህ በልቡ ጥላቻ የያዘ ተጫዋች ባላጋራውን ለመጉዳት ብዙ አጋጣሚ ያገኛል።

ፍሪትዝ ፖላርድ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1894 በቺካጎ ተወለደ። ቁመቱ አጭር፣ ክብደቱም 75 ኪሎ ገደማ ቢሆንም ሯጭነቱ የታወቀ ነበር። በብራውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በጥር 1916 በካሊፎርኒያ በተደረገው የሮዝ ቦውል ግጥሚያ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። በ1919 በኦሃዮ ለአክረን ቡድን እየተከፈለው መጫወት ጀመረ። ዛሬ ኤን.ኤፍ.ኤል. የሚባለው ማኅበር በ1920 ሲቋቋም፣ አክረን አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የዓመቱ አሸናፊ ተባለ። በ1921 ፖላርድ መጫወቱን ሳይተው ቡድኑን በጋራ ማሠልጠን ያዘ፤ የማኅበሩም የመጀመሪያ ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ተብሎ የሚታወቀው እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ ክብር ግን ከስድብና ከድብደባ አላዳነውም። በወደቀ ጊዜ ተቃራኒዎቹ ሆን ብለው ይከመሩበት ስለ ነበር፣ ወዲያው በጀርባው ተገልብጦ እግሮቹን ወደ ላይ በማንሣት ራሱን ይከላከል ነበር።

ፖላርድ በማኅበሩ የተጫወተው እስከ 1926 ነው። ከ1934 እስከ 1945 ድረስ ግን በማኅበሩ ቡድኖች ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልታየም። ጥቁርን የሚከለክል ደንብ ግን አልተጻፈም ነበር። የቡድን ባለቤቶች ዝም ብለው አለመቅጠራቸው በቂ ሆነ። ያልተጻፈ ሕግ ደግሞ «ይሻር» ብሎ ለመሟገት መያዣ የለውም። ፖላርድም በእነዚያ ዓመታት በኒው ዮርክ ብራውን ቦምበርስ የተባለ የጥቁሮች ቡድን ያሠለጥን ነበር።

ታዲያ በሩ እንደገና እንዴት ተከፈተ? በ1946 ራምስ የተባለው ቡድን ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር ሊጫወትበት የፈለገው ስታዲዮም የሕዝብ ንብረት ነበር። ጥቁር ጋዜጠኞች ይህን ይዘው ተከራከሩ፤ ቡድኑም ኬኒ ዋሺንግተንንና ዉዲ ስትሮድን ቀጠረ። ጥቁር ተጫዋች ለመቀበል የመጨረሻ የሆነው የዋሺንግተን ከተማ ቡድን በ1962 እሺ ያለው፣ የፌዴራሉ መንግሥት በመንግሥት መሬት ላይ በተሠራው ስታዲዮም እንዳይጫወት እከለክላለሁ ብሎ ካስጠነቀቀው በኋላ ነው።

ከፖላርድ ቀጥሎ ጥቁር ዋና አሠልጣኝ፣ አርት ሼል፣ የተሾመው በ1989 ነው። ፖላርድ ግን በ1986 በ92 ዓመቱ ስላረፈ ይህን አላየም። ስሙ በፉትቦል የክብር አዳራሽ የተመዘገበውም በ2005 ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ፖላርድ ሸክሙን ለብቻው ስለ ተሸከመ፣ እርሱ ከሜዳው ሲወጣ በሩን የሚጠብቅ አልተገኘም። በሩን ደግሞ የከፈቱት በኅብረት የጠየቁ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ የአንድን ማኅበር ፍትሕ ስንመረምር የተጻፈውን ደንብ ማንበብ ብቻ አይበቃንም፤ በሜዳው ላይ እነማን እንደ ጎደሉም እንቁጠር።