ጉማራ ጣና ሲገባ፦ የወፍ ቆጠራ ለአካባቢ ሳይንስ ትምህርት

«ወፍ ማየት የፈረንጅ ጊዜ ማሳለፊያ ነው» የሚል ዕጩ መምህር አይጠፋም። እስቲ ወደ ጉማራ ወንዝ አፍ እንውረድ።

ጉማራ ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። ሐይቁን ሲነካ ፍጥነቱ ይቀንስና የተሸከመውን ደለል ይጥላል። በዚያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ትል፣ ቀንድ አውጣና ጥቃቅን ዓሣ ይበዛል። ታዲያ ወፍ ቢሰበሰብ ምን ይገርማል? አሰላለፋቸውን ልብ በሉ። እግረ አጭሮቹ ከጭቃው ጠርዝ አይርቁም፤ እግረ ረጃጅሞቹ ገባ ብለው ይቆማሉ፤ ፔሊካን ደግሞ ከመንቆሩ ሥር ባለው ከረጢት ዓሣ እየጨለፈ ይዋኛል። ምንቃርንና እግርን ከምግብ ጋር አያይዞ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መርጃ መሣሪያ የት አለ? ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕል መገልበጥ ግን ይቀላል፤ ብዙ መምህር እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ቆጠራው። ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ ግራጫ ክሬኖች የሩሲያንና የሰሜን አውሮፓን ብርድ ሸሽተው ወደ ፎገራ ይመጣሉ፤ በመጋቢት ገደማ ይመለሳሉ። ክሬን አንገተ ረጅም ነው፤ ቁመቱ ከ1 ሜትር ያልፋል። ሽመላ ነው የሚል ይኖራል፤ ሽመላ ግን ዛፍ ላይ ያርፋል፣ ግራጫው ክሬን ከመሬት አይለይም። ቀን በየማሳው ተበትኖ የወደቀ እህል ይለቅማል፤ ሌሊት አውሬ እንዳይደርስበት ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድራል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ የሚቆጥር ሰው በከንቱ ይደክማል። ጎሕ ሲቀድ፣ ከማደሪያቸው ሳይነሡ ነው መቁጠር። መንጋው ብዙ ከሆነ አሥሩን አንድ በአንድ ቁጠሩ፤ የያዙትን ስፋት በዓይናችሁ ያዙና በዚያ ልክ ቀሪውን ስፈሩ። ሁለት ሰው ለየብቻ ቆጥሮ ያስተያይ። ቀኑ፣ ሰዓቱና የቆማችሁበት ቦታ ይጻፍ። ምንም ካልታየም «0» ይጻፍ፤ ባዶ መስመርና ዜሮ አንድ አይደሉም።

የዜሮው ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ደንገሉ ይቆረጣል፣ እርጥቡ መሬት ይታረሳል፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ የታየው እምቦጭም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው ብዙ ቦታ ሸፍኖ ያውቃል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፤ መዝገብ ግን ወፍ አይቆጥርም። ወፉ ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም ለማለት የአምናው ቁጥር ያስፈልጋል። በአቅራቢያው ያለ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ቢቆጥር በ10 ዓመት 10 ቁጥሮች ይኖሩታል። መምህሩ ቢዛወር እንኳ ደብተሩ ከትምህርት ቤቱ አይውጣ።

ተማሪ ይዛችሁ ስትሄዱ ለቀበሌው አስቀድማችሁ አስታውቁ፤ የገበሬውን ሽምብራ አታስረግጡ። ጉማሬ ስላለ ከውሃው ጠርዝ ራቅ ብላችሁ ቁሙ።