የኩበት፣ የአፈርና የገብስ ዝምድና በመንዝ ደጋ
(ለልማት ሠራተኞችና ለአርሶ አደሮች የተዘጋጀ ትምህርት)

መግቢያ

እንደሚታወቀው ሞላሌና አካባቢዋ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ የመንዝ በግ የሚረባበት ቀዝቃዛ ደጋ ነው። በዚህ ደጋ ዛፍ ጥቂት ነው። በመሆኑም አብዛኛው የከብት እበት ተጠፍጥፎና ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱም ይነዳል። በዚህ ጽሑፍ እበት ወደ ማሳ መመለሱ ቀርቶ ወደ ምድጃ ሲሄድ አፈሩ ምን እንደሚያጣ፣ መሬቱም ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚለወጥ እንገልጻለን። በመጨረሻም ሊደረግ የሚችለውን እንጠቁማለን። የልማት ሠራተኞች ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሁሉ እንዲያነቡላቸው እናሳስባለን።

1. ኃይል አንድ ጊዜ ያልፋል

በአንድ ቦታ የሚኖሩ ተክሎች፣ እንስሳት፣ ጥቃቅን ነፍሳትና ሰዎች ከአፈሩ፣ ከውሃውና ከአየሩ ጋር ያላቸው ትስስር ሥርዓተ ምኅዳር ይባላል። የዚህ ትስስር ኃይል ሁሉ የሚመነጨው ከፀሐይ ነው። ገብስም ሆነ ሣር በላዩ ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ውስጥ ወደ ምግብነት የሚለውጠው ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ አይበልጥም።

ሣሩን እንስሳ ሲበላው ደግሞ ከሣሩ ኃይል ውስጥ ወደ እንስሳው ሥጋ የሚለወጠው በግምት ከ10 እጅ አንዱ ብቻ ነው። የቀረው በእበት ይወጣል፤ ወይም እንስሳው ሲተነፍስ፣ ሲንቀሳቀስና ገላውን ሲያሞቅ ያልቃል።

ለምሳሌ ከመሐል ሜዳ አቅራቢያ የሚገኘውን የጓሳ ሜዳ እንውሰድ። ሣሩን ዓይጥና ፍልፈል ይበሉታል፤ እነርሱን ደግሞ ቀይ ቀበሮ ይበላቸዋል። በሣሩ ውስጥ 1,000 እጅ ኃይል ቢኖር ሣሩን ሁሉ በሚበሉት ዓይጦች ሥጋ ውስጥ የሚገኘው 100 ያህል፣ በቀበሮው ሥጋ ውስጥ የሚገኘው 10 ያህል ይሆናል። ሣሩ ብዙ፣ ዓይጡ ከሣሩ ያነሰ፣ ቀበሮው ደግሞ ጥቂት የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በግም በጠበበ ግጦሽ ላይ ሲበዛ የሚከሳው በዚሁ ሕግ ነው።

አንድ ጊዜ ሙቀት ሆኖ የወጣ ኃይል ተመልሶ ለተክል አያገለግልም። ይህ ግን የሚያሳስብ አይደለም፤ ፀሐይ በማግሥቱ ሌላ ኃይል ይዛ ትወጣለች።

2. ንጥረ ምግብ ግን መመለስ አለበት

ተክል ከፀሐይ ኃይል ሌላ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ንጥረ ምግቦች ያስፈልጉታል። እነዚህን ፀሐይ አታመጣቸውም። የሚገኙት ከአፈሩ ስለሆነ ተወስደው ካልተመለሱ ያልቃሉ።

በተፈጥሮ ሥርዓት ንጥረ ምግብ በዑደት ይዞራል። ሣሩ ከአፈር ይወስዳል፤ ከብቱ ከሣሩ ይወስዳል፤ እበቱ፣ ሽንቱ፣ የወደቀው ቅጠልና የሞተው ሥር ወደ አፈር ይመለሳሉ። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳትም ያንን አብላልተው ለተክል እንደገና ያዘጋጁታል። በመንዝ ብርድ ምክንያት ይህ ሥራ በቆላ ካለው ይዘገያል። ስለዚህ ረጅም ጊዜ ሣር ለብሶ የቆየ የደጋ አፈር ብዙ ብስባሽ ያከማቻል። ይህ ብስባሽ እንደ ጎተራ የሚቆጠር የመሬቱ ቁጠባ ነው።

ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ሆኖም ገብስ ይህን ሊጠቀምበት አይችልም። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ግብጦ ግን በሥራቸው እባጭ ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ይወስዱታል።

3. ዑደቱ የሚቆረጠው የት ነው?

አንድ ኩንታል ገብስ ከማሳው ሲነሳ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ግራም የሚሆን ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል። ገለባው ለከብት ይሰጣል። ከብቱ የበላው እበት ሆኖ ወደ ማሳው ቢመለስ ኖሮ ከጉዳቱ ብዙው በተካካሰ ነበር። እበቱ ኩበት ሆኖ ሲነድ ግን ናይትሮጅኑ ከሞላ ጎደል በጢስ ይጠፋል። ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ በአብዛኛው በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱም ብዙ ጊዜ ከደጅ ይደፋል።

ሂሳቡ እንደሚከተለው ነው። በ100 ኪሎ ግራም ደረቅ ኩበት ውስጥ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይገኛል። በአንድ የ50 ኪሎ ግራም ዩሪያ ከረጢት ውስጥ ደግሞ 23 ኪሎ ግራም አለ። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ 1,500 ኪሎ ግራም ያህል ኩበት ሲያነድ አንድ ከረጢት ዩሪያ ውስጥ የሚገኘውን ያህል ናይትሮጅን በጢስ አወጣ ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ በእበት ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ዓመት ለሰብል አይደርስም። ከዩሪያ የሚለየው ግን ብስባሽ ሆኖ ለሚቀጥሉት ዓመታት ይቆያል፤ አፈሩም ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል።

አፈር ማጋየትም (ጋይ) ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ለብዙ ዓመታት ያደረ መሬት ይታረሳል፤ አፈሩ ከነሣሩ ሥር ይከመርና በእበት ይለኮሳል፤ ከዚያም ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። በመጀመሪያው ዓመት ምርቱ ያምራል። ምክንያቱም በብስባሹ ውስጥ ተይዞ የነበረው ንጥረ ምግብ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሆኖም ናይትሮጅኑ ከብስባሹ ጋር ስለሚቃጠል ከጥቂት ምርት በኋላ መሬቱ ይደክማል። ይህ ጎተራን በአንድ ክረምት አራግፎ እንደመብላት ነው። ቀድሞ መሬቱ ረጅም ዘመን እያደረ ያገግም ነበር። ዛሬ መሬት ስለጠበበ ያን ያህል ማሳደር አይቻልም።

4. መሬት እንዴት ይለወጣል?

ሥርዓተ ምኅዳር በአንድ ቀን አይፈርስም፤ በአንድ ቀንም አይድንም። ብስባሹ ሲያልቅ አፈሩ ይጠጥራል፤ ዝናቡ ወደ ውስጥ መስረጉ ቀርቶ በላዩ ይጎርፋል፤ ለም የሆነውንም ገጽ ይዞ ይወርዳል። ግጦሹም እረፍት ካጣ ከብት የሚወደው ሣር ይሳሳል፤ በምትኩ ከብት የማይበላው ቁጥቋጦ ይበረታል። ለውጡ በየዓመቱ ትንሽ ስለሆነ ሳይታወቅ ይቆያል።

ለውጡን መግታት እንደሚቻል ጓሳ ራሱ ያስተምረናል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ሜዳ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ባቆሙት የቀሮ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ተጠብቆ ኖሯል። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ለአጨዳና ለግጦሽም በተወሰነ ጊዜ ይከፈታል። የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰ፤ ሜዳውም የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆኖ በክልሉ ደንብ ታወቀ። ለክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር የተገኘው ለዕድገቱ ጊዜ ስለተሰጠው ነው።

5. ምን ይደረግ?

ማገዶ ለሌለው ሰው «ኩበት አታንድ» ማለት ምክር አይሆንም። ስለሆነም ሥራው የሚጀምረው ከማገዶው ነው። ቀጥሎ የተዘረዘሩትን በየተራ እንዲሞከሩ እንመክራለን።

ሀ) ለእርሻ በማይሆን ዳገትና በጓሮ የማገዶ ዛፍ መትከል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ነገር ግን የሰብሉን ውሃ ስለሚሻማ ከማሳ ይራቅ። ትሪ ሉሰርን የተባለው ተክል ቅጠሉ ለበግ መኖ፣ እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል፤ ናይትሮጅንም ከአየር ይወስዳል።

ለ) ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መሥራት። ኩበት የምትለቅመውም የምትጠፈጥፈውም ብዙ ጊዜ ሴቷ ስለሆነች በዚህ ጉዳይ አስቀድሞ ከእርሷ ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

ሐ) ከማገዶ የተረፈውን እበት ከገለባ ተራፊና ከአረም ጋር በጥላ ሥር አከማችቶ ብስባሽ ማድረግ። ፀሐይና ዝናብ እንዳያጠፉት ይሸፈን።

መ) አመድን ዝናብ በማይነካው ቦታ አጠራቅሞ ከመዝራት በፊት በማሳው ላይ መበተን። ከእርጥብ እበትና ከዩሪያ ጋር ግን አይቀላቀል፤ ናይትሮጅኑ በሽታ መልክ ይበናል።

ሠ) ገብስን ከባቄላ ወይም ከአተር ጋር ማፈራረቅ። ሲታጨድም ሥሩ ከአፈሩ ውስጥ ይቅር።

ረ) ከወል ግጦሹ ከፊሉን በስምምነት እየዘጉ በየተራ ማሳረፍ።

ማጠቃለያ

ፀሐይ ኃይልን በየቀኑ ያለዋጋ ትሰጠናለች። ንጥረ ምግብን ግን ካልመለስነው ማንም አይመልስልንም። ሁሉንም በአንድ ዓመት መሥራት ስለማይቻል በመጀመሪያ በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ብቻ ይሞከር። ብስባሽ ያገኘውና ያላገኘው ገብስ ጎን ለጎን ይዘራ፤ ምርቱም ለየብቻ ተወቅቶ ይሰፈር። ጎረቤት ከማንኛውም ጽሑፍ ይልቅ የሚያምነው በዓይኑ ያየውን ነውና በአጨዳ ጊዜ ተጠርቶ ይመልከት።