«ሶዶ» ሲል የትኛው ሶዶ? የናሙና መለያ ጽሑፍ አገለባበጥ

ወላይታ ውስጥ ሻንቶ ተቀምጦ፣ ውጭ አገር ሙዚየም ውስጥ ያለ የደረቀ ቅጠል ከየት እንደተለቀመ መመዝገብ ይቻላል፤ እንደ ዲጂቮልና ኖትስ ፍሮም ኔቸር ያሉ ድረ ገጾች በጎ ፈቃደኞችን የሚያሠሩት እንዲህ ያለውን ነው። ከመተየብዎ በፊት የናሙናውን መለያ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ያንብቡ። ቀጥሎ የቦታውን ስም፣ ርቀቱን፣ ከፍታውንና ቀኑን ከነስሕተቱ ፊደል በፊደል ይገልብጡ። «ሶዱ» ካለ «ሶዱ» ይጻፉ። 3/4/61 የሚለውን ቀን መጋቢት ነው ሚያዝያ ብለው አይፍረዱ። 6,500 ጫማንም ወደ ሜትር አይመንዝሩ፤ 1,981 ብለው ቢጽፉ ለቃሚው በግምት ያሰፈረው ቁጥር በመሣሪያ የተለካ ይመስላል።

«የአገሩ ልጅ ሆኜ፣ ስሙን እያወቅሁ ለምን አላርመውም?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ችግሩ ግን ሶዶ አንድ አለመሆኑ ነው። ወላይታ ሶዶ አለ፣ ክስታኔዎች የሚኖሩበት የጉራጌው ሶዶም አለ። ዳሞትም ቢሆን እዚህ ዳሞት ጋሌና ዳሞት ፑላሳ፣ ጎጃም ደግሞ ሌላ ዳሞት ነው። ከፍታ እንኳ ሁልጊዜ አይለይም፤ ሁለቱም ሶዶዎች ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ መሬት አላቸው። የሚሻለው ለቃሚው ለናሙናዎቹ የሰጠውን ተከታታይ ቁጥር ማየት ነው፦ በዚያው ሰሞን የተለቀሙት ናሙናዎች ቡታጅራ ካሉ ወደ ጉራጌ፣ ማርገሪታ ካሉ ወደ ወላይታ ያደላል። ማርገሪታ ጣሊያኖች ለአባያ ሐይቅ ያወጡት ስም ነው። የደረሱበትን ግምት ከነምክንያቱ በማስታወሻው ሣጥን ያስፍሩ እንጂ ከዋናው ጽሑፍ ጋር አይቀላቅሉት። ዋናው ከታረመ በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ እርስዎ የተጠራጠሩበትን ነገር ሊያየው አይችልም።

ከዚህ የሚከብደው «ወላሞ» ነው። የወላይታ ሕዝብ የማይቀበለውን የድሮ ስም በገዛ እጅ መተየብ ደስ አይልም። ሆኖም ስሙ ከተፋቀ፣ በድሮው ስም የተመዘገቡ ሌሎች ናሙናዎችን ከዚህኛው ጋር ማገናኘት አዳጋች ይሆናል። ስለዚህ በጥሬው ሣጥን ወረቀቱ ያለውን፣ በትርጓሜው ሣጥን «ወላይታ» ይጻፉ። «ሲዳሞ» የሚለው የድሮ ክፍለ ሀገር ስምም እንዲሁ ነው። ዛሬ ወላይታ ያለው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ቢሆንም፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መድበል ራሱ የዕፅዋትን ሥርጭት የሚያመለክተው በድሮዎቹ ክፍላተ ሀገር ነው።

በካርታ ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ከተጠየቁ ነጥብ ብቻ አይበቃም፤ ስሕተቱ እስከየት ሊሄድ እንደሚችል የሚያሳይ ክብ ያክሉ። «ከሶዶ በስተሰሜን 15 ኪሎ ሜትር» ሲባል በመኪና መንገድ ይሁን በቀጥታ አይታወቅም። «ሰሜን»ም ከሰሜን ምዕራብ እስከ ሰሜን ምሥራቅ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ ርቀት ግራና ቀኝ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ያናጋል። ሰፊ ክብ ያሳፍራል ብለው አያጥብቡት። ጨርሶ ያልተነበበ ቃል ሲገጥምዎ ደግሞ ድረ ገጹ ለዚያ የመደበውን ምልክት አድርገው ወደ ቀጣዩ ወረቀት ይለፉ።