ያው ፎቶ፣ ሌላ ፊት፦ የፎቶ ቀለም ከአፕ አፕ ለምን ይለዋወጣል?

ባለፈው ዓርብ እዚህ ሱለይ ስንገናኝ ሦስት አራት እህቶች «ፎቶዬን በአንዱ አፕ ሳስተካክለው ያምራል፣ በሌላው ስከፍተው ግን ቀለሙ ይጠፋል። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ከመምጣቴ በፊት ደሴ ፎቶ ቤት ሠርቼ ስለነበር «እስቲ አንቺ ጻፊልን» ተባልኩ። ስልካችሁ አልተበላሸም፣ አይዟችሁ።

እኔ ራሴ በዚሁ ነገር እናቴን አስለቅሻለሁ። ለእንቁጣጣሽ በሐበሻ ቀሚስ የተነሳሁትን ፎቶ አሳምሬ ኤዲት አድርጌ ላክሁላት። ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ፎቶ ቤት ወስዳ አሳተመችው። ታትሞ ሲወጣ ፊቴ አመድ መስሏል፤ ያ ደማቅ የጥለቱ ቀይ ደብዝዟል። ደውላ «ታመሻል፣ ደብቀሽኝ ነው እንጂ» አለችኝ። ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በደወልኩ ቁጥር ለቅሶ ሆነ። መጀመሪያ ያተመውን ሰው ወቀስኩ። ኋላ ያንኑ ፋይል እዚሁ ስልኬ ላይ በሁለት አፕ ብከፍተው በአንዱ ያምራል፣ በሌላው አመድ ነው። መነሻው እኔው ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶ ስልክ ውስጥ ሲቀመጥ ቁጥር ነው። እያንዳንዷ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን አላት፤ እያንዳንዱም አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 255 ይቆጠራል። ቁጥር ግን ብቻውን ምንም አይናገርም። ይህን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም፦ እናቴ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ደውዪ» ስትል ማዳም «ዘጠኝ» የምትለውን ሰዓት ማለቷ ነው። ፀሐይዋ አንድ፣ የሁለቱ አገር ጊዜም አንድ ነው፤ የሚለየው አቆጣጠሩ ነው። «በሐበሻ» ወይም «በፈረንጅ» ካልተባለ አንዷ ጋ መዘግየታችን አይቀርም።

የፎቶም ቁጥር በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ የሚናገር ምልክት ከፋይሉ ጋር ይሄዳል። ፕሮፋይል ይባላል። በብዛት የሚያጋጥሙን ሦስት ናቸው። ኤስ አር ጂ ቢ የሚባለውን ኤች ፒና ማይክሮሶፍት በ1996 እ.ኤ.አ. አቀረቡት፤ ዛሬም ሁሉም ቦታ የሚሠራው እሱ ነው። አዶቤ አር ጂ ቢ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ሰፋ ያለ ቀለም ይይዛል። ዲስፕሌይ ፒ ስሪ ደግሞ ከአይፎን 7 (2016 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አይፎኖች ፎቶ የሚያነሱበት ነው።

አሁን የኔን ጥፋት ተመልከቱ። ላይትሩም ላይ ፎቶውን ሳወጣ «ሰፊ ከሆነማ ይሻላል» ብዬ አዶቤ አር ጂ ቢን መረጥኩ። በኤስ አር ጂ ቢ 255 ተብሎ የሚጻፈው ድፍን ቀይ በአዶቤ አር ጂ ቢ 219 ገደማ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ምልክቱን የሚያነብ ፕሮግራም ያንኑ ደማቅ ቀይ ያሳያል። የማያነበው 219ኙን እንደ ኤስ አር ጂ ቢ ይቆጥረውና የደበዘዘ ቀይ ያወጣል። የኛ ቆዳ ሙቀቱ ከቀዩ ስለሆነ ቀዩ ሲወርድ ፊት ይገረጣል። እናቴ ያየችው በሽታ ይኸው ነው።

ፎቶሾፕ ለምትነኩ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «አሳይን ፕሮፋይል» እና «ኮንቨርት ቱ ፕሮፋይል» አንድ አይደሉም። ኮንቨርት ማለት የሐበሻውን ሦስት ሰዓት ዘጠኝ ብሎ መጻፍ ነው፤ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ሰዓቱ ያው ነው። አሳይን ግን ሦስትን ሳይነኩ «ይህ የፈረንጅ ነው» ብሎ መለጠፍ ነው፤ ቀጠሮው ይበላሻል። እኛ የሚያስፈልገን ኮንቨርት ነው፣ ወደ ኤስ አር ጂ ቢ። ላይትሩም ላይ ደግሞ ስታወጡ «ከለር ስፔስ» የሚለው ውስጥ ኤስ አር ጂ ቢን ምረጡ።

ቀለሙን በአንድ አፕ ብቻ ጨርሱ። ከዚያ ጽሑፍም አበባም በሌላው መጨመር ትችላላችሁ፤ ቀለሙን ግን ድጋሚ አትንኩ። ስትልኩ በዋትሳፕ «ዶክዩመንት»፣ በቴሌግራም «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፤ ለማየት ይበቃል፣ ለማሳተም ግን አይሆንም።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የፋይሉ ሳይሆን የስክሪኑ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ በአንድ ስልክ በሁለት አፕ ከተለያየ የፋይል ወይም የአፕ ነገር ነው፤ በሁለት ስልክ ብቻ ከተለያየ የስክሪን ነው። ሳምሰንግ ላይ «ስክሪን ሞድ» ቪቪድ ከሆነ ሁሉን ያደምቃል፤ ናቹራል አድርጉት። አይፎን ላይ ትሩ ቶንና ናይት ሺፍትን አጥፉ። እኛ ደግሞ ኤዲት የምናደርገው ሥራ ጨርሰን ሌሊት ነው። የሌሊቱ ሞድ ስክሪኑን ቢጫ ያደርገዋል፣ እኛ ቢጫውን ለማጥፋት ሰማያዊ እንጨምራለን፣ ጠዋት ስናየው ሬሳ መስለናል።

ፊታችሁን ለማቅላት ብላችሁም አትድከሙ። በፊልም ጊዜ ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች የሚልከው ሸርሊ ካርድ የሚባል የቀለም መለኪያ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች። ማሽኑ በእሷ ቆዳ ሲስተካከል የጥቁር ሰው ፊት ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። እናንተ መለኪያችሁን ነጠላችሁን አድርጉት። «ዋይት ባላንስ» ላይ ያለችውን ጠብታ የምትመስል ምልክት ይዛችሁ ነጠላው ላይ፣ ብርሃን ሳይበዛበት፣ ንኩ። ነጠላው ነጭ ሲሆን ፊትም ወደ ራሱ ቀለም ይመለሳል። ጥለቱን እንዳትነኩ ብቻ።

እናቴ ያንን ፎቶ አልጣለችውም፤ አዲሱን በኤስ አር ጂ ቢ ልኬላት ሲታተም ጎን ለጎን ሰቅላቸዋለች። «ይህ ስትታመሚ፣ ይህ ስትድኚ» ትላለች። አሁንም አላመነችኝም።

በሚቀጥለው ዓርብ የተቸገራችሁበትን ፎቶ ኦሪጅናሉን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን። ይህ ወረቀት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ እዚህ ላሳያችሁ አልቻልኩም። ቻርጀር አትርሱ፣ ባለፈው አንድ ቻርጀር ለአሥር ሰው ነበር።