ፍልፈልን በጋራ እንያዝ



ፍልፈል የደጋ ገበሬ ጠላት ነው። ከመሬት በታች ይኖራል። በጥርሱ ይቆፍራል። ሥር ይበላል። ድንችና እንሰት ያጠፋል።

በክረምት ትኩስ የአፈር ቁልል በማሳው ላይ ይታያል። 10 ቁልል ብታዩ 10 ፍልፈል አለ አትበሉ። ፍልፈል ብቻውን ይኖራል፤ ግን አንዱ ብዙ ቁልል ያወጣል።

እንዴት ይያዛል?

1. አዲስና እርጥብ ቁልል ፈልጉ።

2. ጉድጓዱን ክፈቱ። ብርሃንና ነፋስ ሲገባበት ፍልፈሉ ሊደፍነው ይመጣል።

3. የገመድ ሸምቀቆ በጉድጓዱ ውስጥ አድርጉ። ገመዱን ከጎበጠ ለምለም ዘንግ ጋር እሰሩ። ዘንጉን በቀጭን እንጨት አግዱት። ፍልፈሉ አፈር ሲገፋ እንጨቱ ይወድቃል፤ ዘንጉ ይፈናጠራል፤ ሸምቀቆው ያንቀዋል።

መርዝ የነካው እህል በማሳ አትበትኑ። ዶሮ ይለቅመዋል። ልጅም ያነሳዋል። ልጅ ከድንች ይበልጣል!

አንድ ገበሬ ብቻውን ቢደክም ከጎረቤት ማሳ ሌላ ፍልፈል ይመጣበታል። ስለዚህ ማኅበሩ ቀን ይቁረጥ፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይውጣ።

ጥያቄ፦ 10 ቁልል 10 ፍልፈል ነውን? ለምን? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ።