የሊጥ በሬ

ልጅ፦ አባባ፣ መምህራችን የገበሬ ሕይወት የሚያሳይ ነገር ቤት ካለ ነገር ሠርታችሁ አምጡ አሉን። የጓደኛዬ እናት ግን ከመርካቶ የፕላስቲክ በሬ ልትገዛላት ነው።

አያት፦ የፕላስቲኩ የፈረንጅ በሬ ነው፤ ሻኛ የለውም። ጓዳ ምን አለ?

ልጅ፦ ዱቄትና ጨው። ግን ጭቃ አይሻልም? እርስዎ በልጅነትዎ በጭቃ ነበር የሚሠሩት።

አያት፦ እኛ እረኛ ሳለን ወንዝ ዳር ሸክላ አፈር ነበረን። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ አሸዋ የበዛበት ነው፤ ሲደርቅ ይፈረፈራል። ሁለት ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ደቃቅ ጨው፣ ውኃ አንድ ኩባያ ገደማ፤ ውኃውን በአንዴ አታፍስሺው። እርሾ እንዳትነኪ፤ ኩፍ ካለ በሬሽ ላም ሆኖ ያረግዛል።

ልጅ፦ ያ ሁሉ ጨው ለምን?

አያት፦ እንዳይሻግት ነው። ጨው ግን እርጥበት ይስባል፤ ክረምት ላይ ይለሰልስብሻል። በደንብ ከደረቀ በኋላ የእናትሽን ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ቀቢው። አስፈቅደሽ ታዲያ!

ልጅ፦ ትናንት ሞክሬ ነበር፤ እግሩ ሆዱን አልሸከም ብሎ ተኛ።

አያት፦ አጥንት ሳይኖረው በምን ይቁም? ቀጭን ሽቦ አጥፈሽ እግሮቹንና ጀርባውን አውጪ። ለሆዱ ጋዜጣ ጨምድደሽ በክር እሰሪበት። ሊጡ እንደ ቆዳ ከላይ ይልበስ፣ ውፍረቱ ከእርሳስ አይብለጥ። ድፍን ሊጥ ከሆነ ላዩ ቶሎ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ያኔ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ የማይሰጣውም ለዚህ ነው፤ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ።

ልጅ፦ ቀንዱም ወደቀ።

አያት፦ ደረቁን በደረቁ ለጥፈሽው ነዋ። የሚገናኙበትን ቦታ በሁለቱም በኩል በስቴኪኒ ጫር ጫር አድርጊ፣ ውኃ አስነኪ፣ ከዚያ ተጭነሽ ያዢው። ለቀለሙ ቡና አወፍረሽ አፍልተሽ ቀቢው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ተይለት፣ ቦራ ይሆንልሻል።

ልጅ፦ ቀንበሩን ሻኛው ላይ ላስቀምጠው?

አያት፦ ኧረ በስመአብ! ገበሬ ያየ ይስቅብሻል። ቀንበር የሚያርፈው አንገቱ ላይ፣ ከሻኛው ፊት ነው። በሬው ሲራመድ ሻኛው ቀንበሩን ወደፊት ይገፋዋል፤ ሻኛውን ከፍ አድርገሽ ሥሪው። የሚጠመዱት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ቁመታቸውን ካላስተካከልሽ ቀንበሩ ይዘማል። ሞፈሩ ከቀንበሩ መሐል ተነሥቶ በበሬዎቹ መካከል ወደ ኋላ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ማረሻው አለ፤ ግራና ቀኙ አፈሩን የሚገፉት ድግሮች ናቸው፤ ወደ ላይ የወጣው እርፉ ነው። ማረሻው ብረት ስለሆነ ከቆርኪ ይሁን። ቆርኪውን እኔ እቆርጥልሻለሁ፣ እጅሽን ይቆርጥሻል።

ልጅ፦ እንደዚያ ከሆነ ሁሉንም እርስዎ ቢሠሩልኝስ?

አያት፦ ውጤቱ የሚሞላው ለእኔ አይደለም! ቆርኪው ብቻ ነው የኔ።

ልጅ፦ እሺ፤ ገበሬውስ ምን ይይዛል?

አያት፦ በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ። ለጅራፉ ያረጀ የጫማ ክር ይበቃል። ሰውየውን ግን ጎንበስ አድርጊው፤ እርፍ የሚጫን ሰው እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ አይቆምም።