ልጅን ለየትኛው ትምህርት መስጠት ይበጃል?
በሐርጌሳ የትምህርት ምርጫና የከብት ሐኪም ሥራ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረሻ ፈተና ውጤት በታወቀ ጊዜ በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ በየቤቱ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ልጁ ወይም ልጅቱ ኮሌጅ ሲገቡ ምን ይማሩ የሚል ነው። ጥያቄው እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ለትምህርቱ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በውጭ አገር ያለ ዘመድ በሐዋላ ከሚልከው፣ ወይም በገጠር ያለው ወገን ከመንጋው ለይቶ ከሚሸጠው ግመል ነው። ግመል ተሸጣ የተገዛ ትምህርት ሥራ ያላስገኘ እንደ ሆነ ግመሏም ሄደች፣ አራት ዓመትም ሄደ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለው ምርጫ ራሱ በዚያ አገር የቈየ ነገር አይደለም። ሐርጌሳ በ1988 ዓ.ም. በአውሮፕላንና በመድፍ ተደብድባ አብዛኛው ክፍልዋ ፈርሶ ነበር። ሶማሊላንድ በ1991 ዓ.ም. ራስዋን ችላ ከቆመች በኋላም ቢሆን ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ ወጣት ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። በ1998 ዓ.ም. በቦረማ የአሙድ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈቱ ደጁ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የግል ኮሌጆች እየበዙ ሄዱ፤ ዛሬ ችግሩ ትምህርት ቤት ማጣት ሳይሆን ከብዙው መካከል መለየት ነው።

ከእነዚህ ኮሌጆች ብዙዎቹ የንግድ አስተዳደር፣ የሒሳብ አያያዝና የኮምፒዩተር ትምህርት ያስተምራሉ። የዚህን ምክንያት ማስተዋል ያስፈልጋል። የንግድ አስተዳደርን ለማስተማር አንድ አዳራሽ፣ አንድ መምህርና አንድ ሰሌዳ ይበቃል፤ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት፣ ለምርመራ የሚታረድ በግ አያስፈልገውም። ስለዚህ አንድ ትምህርት በየሰፈሩ መከፈቱ አገሩ እንደሚፈልገው ምስክር አይሆንም፤ ምናልባት ለመክፈት ርካሽ መሆኑን ብቻ ይመሰክር ይሆናል። የተማሪ አባት ግን ብዙ ጊዜ ብዛቱን አይቶ ይህ ትምህርት ተፈላጊ ነው ብሎ ይፈርዳል።

ይህ ማለት ግን የሒሳብና የኮምፒዩተር ዕውቀት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የሐዋላው ሥራ በሐርጌሳ ትልቅ ነው፤ የቴሌሶም ኩባንያ በ2009 ዓ.ም. ዛድ የተባለውን በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት ካወጣ ወዲህ ደግሞ የሻይ ዋጋ ሳይቀር በስልክ ሲከፈል ይታያል። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ሒሳብ አዋቂና የኮምፒዩተር ባለሙያ ይቀጥራሉ። ነገር ግን ወንበሩ የተቈጠረ ነው፤ በየዓመቱ የሚመረቀው ወጣት ግን አይቈጠርም። የጤና ትምህርትም እንዲሁ መልካም ዕድል አለው፤ ወይዘሮ ኤድና አዳን እስማኤል በ2002 ዓ.ም. በከፈቱት ሆስፒታል ነርሶችና አዋላጆች የሚሠለጥኑት የሚሠሩበት ክፍል፣ የሚረዱዋቸውም እናቶች በዚያው ግቢ እያሉ ነው። ትምህርትና ሥራ በአንድ ግቢ ሲገናኙ የተማሪው ዕድል ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ነገር ግን የሶማሊላንድ ሀብት ከየት ይመጣል ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ መልሱ ከበግ፣ ከፍየልና ከግመል ነው። በደኅና ዓመት ሁለትና ሦስት ሚሊዮን የሚደርስ እንስሳ፣ አብዛኛውም ራሱ ጥቁር ሰውነቱ ነጭ የሆነው የሶማሌ በግ፣ ከበርበራ ወደብ በመርከብ ተጭኖ ወደ ዐረብ አገር ይሻገራል። ይበልጡን የሚሄደውም ለሐጅና ለዐረፋ በዓል ነው። እረኛው፣ ደላላው፣ የከባድ መኪናው ነጂ፣ ሣር ሻጩ፣ መንግሥቱም በቀረጡ፣ ሁሉም ከዚህ ጅረት ይቀዳሉ።

ይህ ጅረት ሁለት ጊዜ ደርቆ ታይቶአል፤ ያደረቀውም ትንኝ ነው። ስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በ1931 ዓ.ም. በኬንያ ስምጥ ሸለቆ ታውቆ ከዚያው ስሙን ያገኘ ነው። የሚያስተላልፉት አንዳንድ የትንኝ ዓይነቶች እንቍላላቸውን በደረቅ ቈላ ጐድጓዳ ሥፍራ ይጥላሉ፤ እንቍላሉም ከነበሽታው ብዙ ዓመት ሳይፈለፈል ይቈያል። ከልክ ያለፈ ዝናም ጥሎ ጐድጓዳው ውሃ ሲይዝ በአንድ ጊዜ ይፈለፈላል። ያን ጊዜ የበጎች መንጋ ጽንሱን ያስወርዳል፣ ግልገሎች ይረግፋሉ፣ ሰውም ይታመማል። በ1997 ዓ.ም. መጨረሻ ምሥራቅ አፍሪቃን ያጥለቀለቀው ዝናም በሽታውን አስነሣ፤ በ1998 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከአፍሪቃ ቀንድ የሚመጣውን ከብት ከለከለች። ክልከላው ተነሥቶ ነጋዴው ገና እፎይ ሳይል በ2000 ዓ.ም. በሽታው በራስዋ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን ታየ፤ ሰዎችም ሞቱ። ሁለተኛው ክልከላ እስከ 2009 ዓ.ም. ዘለቀ። ለዘጠኝ ዓመት ዋናው ገበያ ተዘጋ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ከብታችን ጤነኛ ነው ብሎ የሚምል ሰው አልጠፋም። የገዢው አገር መንግሥት የሚቀበለው ግን መሐላን ሳይሆን ወረቀትን ነው፤ ወረቀቱም የሚጻፈው ደም ተቀድቶ፣ በላቦራቶሪ ተመርምሮ፣ የታወቀ የከብት ሐኪም ሲፈርምበት ነው። ገበያው በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው በበርበራ የእንስሳት ማቆያ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ ነው። በጣቢያው እንስሳቱ ለተወሰነ ቀን ይቈያሉ፤ ደማቸው ይመረመራል፣ የታመመው ይለያል፣ የቀረው ምልክት ተደርጎለት ወደ መርከብ ይገባል። በዚህ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለ ሠለጠነ እጅ አንዲት በግ እንኳ አትሻገርም። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ እንደ ገና ክልከላ በታወጀ ጊዜም የታየው ያው ነው።

ይህን የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ከሐርጌሳ ሩቅ አይደለም። ከበርበራ ወደ ቡራኦ በሚያወጣው የተራራ መንገድ ላይ ሼክ የምትባል ቀዝቃዛ ከተማ አለች። በ2002 ዓ.ም. ቴራ ኑኦቫ በተባለ የኢጣልያ ድርጅት ርዳታ በዚያች ከተማ የእንስሳት ሕክምና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ኋላም የኢጋድ አባል አገሮች ሁሉ ተማሪ የሚልኩበት ሆነ። የሚሰጠው ትምህርት ሕክምናውን ብቻ ሳይሆን የሥጋ ምርመራን፣ የወተትና የቈዳ አያያዝን፣ ከብትንም ለንግድ ማዘጋጀትን ያጠቃልላል። ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ ከደጅ ሲወጣ የሚያገኘው መንጋውን ነው።

ነገሩ የኢትዮጵያን አንባቢም ይነካል። በበርበራ ከሚጫነው እንስሳ ብዙው ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚሻገር ነው። ትንኝ ድንበር አታውቅም። በሽታው በጅጅጋ ሜዳ ቢነሣ ጥፋቱ በበርበራ ይታያል፤ በበርበራ ገበያው ቢዘጋ የጅጅጋው እረኛ በጉን በእጁ ይዞ ይቀራል። በሐረማያ በ1950ዎቹ በኦክላሆማ መምህራን ርዳታ የተደራጀው የእርሻ ኮሌጅ፣ በ1979 ዓ.ም. በደብረ ዘይት የተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲም ለዚሁ ቈላ የሚሆን ሰው ማፍራት የሚቻልባቸው ሥፍራዎች ናቸው። ስሙ ደስታ፣ ሥራው ሐዘን የሆነው የከብት በሽታ ከ1888 እስከ 1892 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያን በሬ ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ ማምጣቱን የማያውቅ ሽማግሌ የለም። ያ በሽታ በ2011 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ክትባት ይዘው እስከ መጨረሻው የቈላ መንጋ ድረስ በእግራቸው በሄዱ ሠራተኞች ድካም ነው። አሁን ደግሞ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን እስከ 2030 ዓ.ም. ለማጥፋት ዓለም አቅዶአል።

የትምህርት ምርጫን በቍጥር መወሰን ምን እንደሚያስከትልም ኢትዮጵያ ቀምሳዋለች። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶው ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ምሕንድስና፣ ሠላሳው ወደ ሌላው እንዲገባ ተደረገ፤ ዕቅዱ መልካም ነበር፤ ቀጣሪው ግን በዚያው መጠን አልበዛምና ብዙ የምሕንድስና ምሩቃን ዲፕሎማቸውን ይዘው ሥራ ፍለጋ ተንከራተቱ። በአዲስ አበባ መንግሥት መደበ፣ በሐርጌሳ አባት ይመድባል። በሁለቱም ዘንድ ሳይጠየቅ የሚቀረው ደመወዙን ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

የከብት ሐኪም ደመወዝ ከፋይ አንድ አይደለም። የእንስሳት ሀብት ሚኒስቴር አለ፤ የማቆያ ጣቢያ አለ፤ ቄራ አለ፤ የርዳታ ድርጅት አለ፤ ከሁሉም በላይ ባለ ከብቱ ራሱ አለ። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይከፈታል። ችግሩን መደበቅ ግን አይገባም። እረኛ በጥጋብ ዓመት ለመድኃኒት ይከፍላል፤ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. እንደ ደረሰው ያለ ድርቅ ሲመጣ ግን ለራሱም የሚበላው ያጣል። በገበያ መድኃኒት ያለ ትምህርት የሚቸረችር ሰው ከተማረው በርካሽ ይሸጣል፤ መጠኑ የተሳሳተ መድኃኒትም በሽታውን ያለማምደዋል። ደግሞም ወላጅ ልጁ ዶክተር እንዲባል ሲመኝ የሰው ዶክተር ማለቱ እንጂ የፍየል ዶክተር ማለቱ አይደለም። የከተማ ወጣትም በጅላል በረኻ ማደሩን አይወድም። ለሴት ልጅ አይሆንም የሚሉም አሉ፤ ይሁን እንጂ በሐርጌሳ የግመል ወተት ገበያ የያዙት ሴቶች ናቸው፣ በየቤቱም ፍየሎችን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው፤ ሴት ሐኪም ከእነርሱ ጋር ብትነጋገር ወንዱ የማይሰማውን ትሰማለች።

ለመግባት ያሰበ ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ ሳለ በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ይበርታ፤ እንግሊዝኛም ያስፈልገዋል፤ የገዢውን ቋንቋ ዐረብኛን ቢጨምር በማቆያ ጣቢያ ይጠቅመዋል። አባቱም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ኮሌጁን ሄዶ ይይ፤ ላቦራቶሪው የት ነው፣ ተማሪው በሳምንት ስንት ቀን ከብት ይነካል፣ ከአምስት ዓመት በፊት የተመረቁት ዛሬ የት ናቸው ብሎ ይጠይቅ። የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ የማይችል ኮሌጅ ካለ፣ ስለ ሕንፃው ውበት የሚሰጠው መግለጫ ለአባት የሚጠቅም ነገር የለውም።

አንድ የዘመን አቈጣጠር ነገርም አለ። የእስልምና ዓመት ከፀሐይ ዓመት ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያጥር የሐጅ ወራት በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። በ2026 ዓ.ም. ዐረፋ በግንቦት ወር መጨረሻ ይውላል፤ በ2030 ዓ.ም. በሚያዝያ አጋማሽ ይሆናል። ስለዚህ በ2026 ዓ.ም. ኮሌጅ የገባ ተማሪ በሚመረቅበት ጊዜ ለበዓሉ የሚጫነው በግ የሚሰበሰበው ጅላል በሚባለው ደረቅ ወራት፣ እንስሳው ከስቶ አጥንቱ በሚቈጠርበት ጊዜ ነው። የሚጫነውም የጉ ዝናም ሲጀምር፣ ትንኙም ሲነሣ ይሆናል። ያን ጊዜ በበርበራ የሚፈለገው በደረቅ ወራት የሚያቀልብ ሣር ማዘጋጀት የሚያውቅ ሰውና ደም መርምሮ ወረቀት የሚፈርም ሐኪም ነው።